ዳንቴሊትን በወንፈል

ድሮ "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ "መምህር ነኝ" እል ነበር። አሁን ጥያቄው ሲመጣ ስልኬን አውጥቼ ባትሪ የማይ እመስላለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ብዬ ከማስተምርበት የዳንግላ ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ እንጅባራ የገባሁበት ጉዳይ ለሰው የሚነገር አይደለማ። ነፍሳት ነው የማጠናው። እሱስ ይሁን። ንብ ብትሆን ማር አላት፤ አንበጣ ቢሆን ስሙ ያስፈራል፤ ምስጥም ቢሆን ቤት ስለሚበላ ሰው ያከብረዋል። የእኔዋ ግን በአማርኛ ስም እንኳ የላትም።

እስቲ ልግለጻት። የጣት ጥፍር ታህላለች፤ መልኳ ለጋ ቅጠል፤ ዓይኗ ወርቅማ፤ ክንፏ ደግሞ እናቶቻችን ሶፋ ላይ ከሚያለብሱት ዳንቴል የሳሳ ነው። ስም ስላጣሁላት እኔው ራሴ "ዳንቴሊት" ብዬ አወጣሁላት። አትናቋት፤ ቁም ነገር አላት። ልጆቿ ባቄላና ጎመን ላይ የሚሰፍረውን፣ ክሽክሽ የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ እየበሉ ገበሬውን ከመድኃኒት ርጭት ያድኑታል። ይህን ሁሉ አንድ ቀን ለአማቴ ዘርዝሬ ሳስረዳቸው በጥሞና ሰሙኝና "ታዲያ እሷ ሥራዋን ከሠራች አንተ ምን ቤት ነህ?" አሉኝ።

እኔ እንግዲህ መዳቢ ነኝ። ዳንቴሊት አንድ አይደለችም፤ ብዙ ዓይነት ናት፤ እኔ ደግሞ በአዊ ዞን ውስጥ የትኛዋ ዓይነት የት እንደምትኖር ለይቼ ካርታ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። የምትለየው በክንፏ ጅማትና በፊቷ ምልክት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ በአጉሊ መነጽር የነፍሳት ጉንጭ ማየት ነበር። ሚስቴ ስንዱ "የእኔን ፊት እንዲህ አጥንተኸው ታውቃለህ?" ትለኛለች። መመደብ ደግሞ ክፉ ልማድ ነው፤ አንዴ ከጀመሩት አይለቅም። ባለፈው ሰርግ ቤት ተቀምጬ አማቾቼን በአፍንጫቸው ስመድብ ስንዱ በክርኗ ጎኔን ጎሽማኛለች።

ከሁሉም ኑሮዬን ያመሳቀሉት ሁለቱ ናቸው። አንደኛዋ ጉንጯ ንጹሕ ነው፤ ከጫግኒ ቆላ እስከ ዳንግላ ድረስ ሞልታለች። ሁለተኛዋ ጉንጯ ላይ ጥቁር ሰረዝ አላት፤ እሷን ያገኘኋት ብርዱ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር በሚሏት በእንጅባራ ዙሪያ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ካርታዬ ላይ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር። አማካሪዬ ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጠረጉና ባዶውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እዚያ ገና አልሄድሁም፣ ዶክተር።"

"ለሚያየው ሰው ነፍሳቱ ኬላ ላይ ደርሰው የተመለሱ ነው የሚመስለው። ባለ ሰረዟ እስከ የት እንደምትወርድ ካላሳየኸኝ ይሄ ካርታ አይደለም፣ ስዕል ነው። እስከ ገና አምጣ፤ አለዚያ ለሚቀጥለው ዓመት እንተያያለን።"

የእኔ ፈቃድ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፍ አልነበረም። ርእሰ መምህሩ ከገና በኋላ ክፍል ካልገባሁ ቦታዬን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት ነግረውኛል። ዲግሪውን ሳልይዝ ከተመለስሁ ደግሞ ሁለት ዓመት ቤቱን ብቻዋን ተሸክማ የኖረችው ስንዱ ፊት ምን ይዤ ልገባ ነው? የነፍሳት ጉንጭ? ሌሊት ተኝቼ ሁሉ ያ ባዶ ቦታ ይታየኝ ጀመር።

ባዶው ቦታ ላይ ያለው የስንዱ የትውልድ ቀበሌ ነው። ሜዳው ከታች ይጀምርና ማሳው በማሳ ላይ እየተደረበ ሽቅብ ወጥቶ ቀርከሃው ጋ ያልቃል። አጎቷ አያ ፈንቴ እዚያ ይኖራሉ። "እሳቸው ቤት እረፍ፤ ግን አደራህን እንዳታሳፍረኝ" አለችኝ። በኅዳር አንድ ጠዋት አደራዋንና ረጅም እጀታ ያለውን መረቤን ይዤ ከእንጅባራ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

መረብ ይዞ ሚኒባስ መሳፈር ጦር ይዞ ቤተ ክርስቲያን እንደ መግባት ነው፤ ሁሉም ዞሮ ያያል። ረዳቱ "ዘንገና ሐይቅ ዓሣ ልታጠምድ ነው?" አለኝ።

"አይደለም፤ ትናንሽ ነፍሳት ልይዝ ነው።"

"እሱንማ እኛ ቤት መጥተህ ብትይዝልን" አለ፤ ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

አያ ፈንቴ አጠር ያሉ፣ ፈረሳቸውን ከልጆቻቸው እኩል የሚወዱ፣ ቃላቸው በአገሩ የሚሰማ ሰው ናቸው። በደንብ ተቀበሉኝ። በማግስቱ ጠዋት መረቤን ይዤ ማሳ ዳር ወጣሁ። መረብ ይዞ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ የሚሯሯጥ መነጽራም ጎልማሳ ምን እንደሚመስል ራሴን አይቼው አላውቅም። የሰፈሩ ሰው ግን አይቶታል፤ በደንብ አይቶታል። እስከ ምሳ ድረስ የያዝሁት ሁለት ትንኝና የራሴን ኮፍያ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ቦታውን በስልኬ ጂፒኤስ ልመዘግብ ብዬ ባወጣሁት ጊዜ ደግሞ አንድ ገበሬ ቀረብ አለና "መሬት ልትለካ ነው?" አለኝ። እንዳይደነግጥ ብዬ "ኧረ በፍጹም" አልሁት። ሰውየው አዘነ። "እኔ እንኳ ወሰኔን ታይልኝ እንደሆን ብዬ ነበር" አለ። ከወዲያ ማዶ ጎረቤቱ ቀና ብሎ "ምን ወሰን አለህና ነው የሚያይልህ?" አለ። ነገሩ እየከረረ ሲሄድ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወደ ላይ ሮጥሁ። ስሮጥ ያዩኝ ሰዎች አሁን ደግሞ ያለ ምንም ነፍሳት መሮጤን አዩ።

ማምሻውን አያ ፈንቴ አጠገቤ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ የምልህ ልጄ፣ ከሰው ጋር ተጣልተሃል?"

"ኧረ አልተጣላሁም፣ አያ።"

"ሰው ሞቶብሃል?"

"ኧረ አልሞተብኝም።"

"ታዲያ ለምን ብቻህን ትሠራለህ?"

እዚያ አገር ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ብቻውን የሚያጭድ፣ ብቻውን የሚያርም ሰው ወይ ጎረቤት ያኮረፈው ነው ወይ ጎረቤት ያኮረፈ ነው። ብቻውን ትተውት ካዩት ደግሞ ነውሩ የእሱ ሳይሆን የጎረቤቱ ነው። "ጥናቱ የግሌ ነውኮ" ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። አያ ፈንቴ አዘኑልኝ።

"የግል የሚባለው ጸሎትና ሞት ነው። ሌላው ሁሉ በሰው ነው። የስንዱ ባል በአገሯ ላይ ብቻውን ሲሮጥ ሰው ምን ይለናል? ደቦ እንዳንለው አልደገስህ፣ ጠላ አልጠመቅህ። ወንፈል እንበለውና ሰው ልጥራልህ። እሽ?"

"እሽ" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ወንፈል ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር አልልም። ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ነገ ለአንተ እሠራልሃለሁ ማለት ነው፤ ተማሪዎቼንም አስተምሬበታለሁ። ግን መነጽር ያደረገ፣ ብልቃጥ የያዘ መምህርን "ተራህ ነው፣ ማጭድ አንሳ" የሚል ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። የእኔ እሽ የአክብሮት እሽ ነበረች።

ቀኑን መቁረጥ ራሱን የቻለ ጣጣ ሆነ። ኅዳር መቼም የበዓል ወር ነው። ቄሱ ተጠሩ። ቄሱ ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን እየነኩ "ሥራ ከሆነ በበዓል አይነካም፤ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ለጨዋታ ወንፈል አይጠራም። የቱ ነው?" አሉኝ።

"ሥራ ነው፣ አባ።"

"ምን ያወጣል?"

"ካርታ።"

"ካርታው ምን ያደርጋል?"

"የት የት እንዳሉ ያሳያል።"

"እነሱማ እዚህ ናቸው" አሉ ቄሱ፣ ማሳውን በመስቀላቸው እያሳዩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ዓመት የደከምሁበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ኋላ አያ ፈንቴ ናቸው "ብቻ ልጁ እንጀራዬ ነው ካለ ሥራ እንበለው" ብለው የገላገሉኝ፤ በዓል ያልሆነ ቀን ተፈልጎ ተገኘ።

በቀጠሮው ጠዋት አገሩ ሁሉ መጣ። ግማሹ ወንፊት፣ ግማሹ ነጠላ፣ ግማሹ ደግሞ አጎበር ይዟል። ወባ በማይደርስበት ደጋ ያን ሁሉ አጎበር ማን አመጣው ብዬ ስጠይቅ "ጫግኒ ዘመድ የሌለው ማን አለ?" አሉኝ። ቀርከሃው ሥር ያለችው የመጨረሻዋ ማሳ ባለቤት እትዬ ዘውዴ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴትዮ፣ አጎበራቸውን ከአልጋቸው ነቅለው ነበር የመጡት። እንባዬ መጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው አልሁ በልቤ።

ድንጋይ ላይ ቆሜ ትእዛዝ ሰጠሁ። ለየቤቱ ብልቃጥ አደልሁ። "አደራ፤ ዋናው ነገር የተያዘበት ቦታ ነው። ከእርስዎ ማሳ የተያዘችው በእርስዎ ብልቃጥ፣ ከእሳቸው ማሳ የተያዘችው በእሳቸው። እንዳይቀላቀል። ከተቀላቀለ ከንቱ ነው" አልሁ። ሁሉም "እሽ" አሉ። የእነሱም እሽ የአክብሮት እሽ እንደነበረች የገባኝ ማታ ነው።

እንደ አጨዳ ተሰለፉ። አንዱ ዘፈን አወረደ፣ ሌላው ተቀበለ፤ ከታችኛው ሜዳ ተነስተው ቁጥቋጦውን እያራገፉ፣ አጎበር እየዘረጉ ሽቅብ ወጡ። እኔ አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ እየሮጥሁ "ብልቃጡን፣ ብልቃጡን" እላለሁ። "አንተ አረፍ በል፤ ዛሬ ቀኑ ያንተ ነው" ይሉኛል። የሥራው ባለቤት መሥራቱ ነውር ነው ብለው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፤ ስነሳ መልሰው ያስቀምጡኛል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ፈንቴ ፊታቸው እያበራ አፉ የተቆረጠ ትልቅ ቢጫ ጀሪካን አምጥተው ፊቴ አኖሩ። አፉ በነጠላ ታስሯል፤ ውስጡ ይጮኻል።

"ይኸውልህ" አሉ።

"ብልቃጦቹስ?"

ብልቃጦቹን በከረጢቱ መለሱልኝ። አንዳቸውም አልተከፈቱም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ታጥበዋል።

"አያ ፈንቴ፣ ለየብቻ ብዬ ነበርኮ" አልሁ።

"ሰምቻለሁ። ወጣት ስለሆንህ ነው ብዬ ዝም አልሁህ። ወንፈል ላይ የማን ነው አይባልም። ነዶ እንኳ ሲከመር ይሄ የእኔ ነው የሚል የለም። ማን ስንት እንደያዘ ካየን ማን እንደሰነፈም ልናይ ነው። ጎረቤት ነን፤ ነገም እንተያያለን። ልታጣላን ነው እንዴ?"

የሰው ልጅ ጥናት ቢሆን ኖሮ ይህን ራሱን ጽፌ ዶክትሬት እይዝበት ነበር። የእኔ ግን የነፍሳት ነው። ነጠላውን ከፈት ሳደርግ መጀመሪያ ንብ ነደፈችኝ። ቀጥሎ ፌንጣ ዘለለ። ቢራቢሮ አለ፣ ተርብ አለ፣ ስሙን የማላውቀው ጥንዚዛ አለ። አንዲት እስስትም አለች፤ ማን እንደያዛት አይባልም። እስስቷ ጥግ ይዛ ምላሷን እየዘረጋች ጥናቴን ትበላ ነበር።

ከእሷ ያስጣልኋቸውን ዳንቴሊቶች አንድ በአንድ አየሁ። ጉንጨ ንጹሕ፣ ጉንጨ ንጹሕ፣ አሁንም ንጹሕ። በመጨረሻ አንዲት ክንፏ የተቀደደ አወጣሁ። ጉንጯ ላይ ሰረዝ አለ። ባለ ሰረዟ እዚህ አገር አለች ማለት ነው፤ በደስታ ልጮኽ ነበር። ከዚያ "የት?" የሚለው መጣብኝ። ከታችኛው ሜዳ ትሁን ከላይኛው፣ ከወንዝ ዳር ትሁን ከቀርከሃው ሥር፣ የሚያውቀው እግዚአብሔርና እስስቷ ብቻ ናቸው። ተናደድሁ። ያናደደኝ ደግሞ የምቆጣው ሰው ማጣቴ ነው፤ ሁሉም ፊቴን እያዩ ደስ እንዲለኝ ይጠብቃሉ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልሁና ሳቅሁላቸው።

እንጅባራ ስመለስ ዶክተሩ ሰረዟን በአጉሊ መነጽር አዩና ደስ አላቸው።

"ከየት ነው የተያዘችው?"

"ከጀሪካን።"

"ጀሪካን የሚባል ቀበሌ አለ?"

ታሪኩን ነገርኋቸው። ካርታውን ወደ እኔ ገፉት። "እዚህ ላይ 'ሁሉም ቦታ' ብለህ ነጥብ የምታደርግበት ካለ አሳየኝ" አሉ። አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ጮኸ። አያ ፈንቴ ናቸው። "ነገ የእኔ ስንዴ ነው። ማጭድ አለኝ፤ አንተ ወገብህን ይዘህ ና" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ወዲያው ዳንግላ ስንዱ ጋ ደወልሁ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የሰማሁት ይህን ያህል ነው፤ "ወንፈል በልተህ ልትቀር?... እኔ ከእንግዲህ እዚያ አገር ለቀብር... በየትኛው ፊቴ..."

"ገና እየደረሰኮ ነው፣ ስንዱ። ካርታው..."

"ካርታህን ቅበረው" የሚለው ግን ጥርት ብሎ ተሰማ።

ሄድሁ እንግዲህ። "ለስንት ሰው ነው የምሠራው?" ብዬ አያ ፈንቴን ጠየቅኋቸው። "ለመጡልህ ሁሉ" አሉኝ። ሁሉም ነው የመጣልኝ።

ስለ ወገቤ ብዙ አላወራም፤ አሁንም ሲነሳ ያመኛል። የአጨዳ መስመር ምሕረት የለውም። ከግራም ከቀኝም ያለው እኩል ይሄዳል፤ አንተ ብትቆም መስመሩ ይቆለመማል፤ ቀና ካልህ ሁሉም ያይሃል። እንዳላጓትት ብለው በጠርዝ በኩል፣ ቁጥቋጦው ዳር አሰለፉኝ፤ የሰነፍ ቦታ ነው። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ዘፈን አውራጁ ደግሞ ማንንም የሚምር ሰው አልነበረም፦

"መምህሩ ሲያጎነብስ ማጭዱ ይሰንፋል፣
ስንዴው ቆሞ ሲያየው ዝንቧን ይናፍቃል።"

ሁሉም ተቀበሉት። ይህ በአማርኛ ያሉኝ ነው። በአዊኛ ያሉኝን ደግሞ ከሳቃቸው ርዝመት ገመትሁት።

ግን አንድ ነገር ልብ አልሁ። ምሳ ላይ ሰው ሲያርፍ እኔ ማሳው ዳር ያለውን ግራዋ እያራገፍሁ ነጠላ ላይ የወደቀውን እለቅም ጀመር። የማን ማሳ ላይ እንደሆንሁ አውቃለሁ፤ ወገቤ ይመሰክራል። ዛሬ የእከሌ ገብስ፣ ነገ የእከሌ ስንዴ፣ ቀን በቀን አንድ ማሳ ወደ ላይ። የምይዛቸው ሁሉ ጉንጨ ንጹሕ ነበሩ፤ ነጥባቸውን ካርታው ላይ አደርጋለሁ። ባለ ሰረዟ ግን የለችም። ማሳው እያለቀ፣ ገናም እየቀረበ መጣ። በስተመጨረሻ የቀረኝ አንድ ተራ ብቻ ሆነ፤ የእትዬ ዘውዴ ገብስ። እዚያ ካልተገኘች ሁሉ ነገር አበቃ፤ ወገቤም በከንቱ ነው የተሰበረው።

የእትዬ ዘውዴ ማሳ ላይ ብርዱ ይቆነጥጣል። እንደተለመደው በጠርዝ ነኝ። ዘፈኑ ደምቆ መስመሩ ሲገሰግስ ከአፍንጫዬ ፊት ለፊት ግራዋ ቅጠል ላይ አንዲት ዳንቴሊት ተቀምጣለች። መነጽሬን ወደ ላይ ገፋሁና ቀረብሁ። ጉንጯ ላይ ሰረዝ። መስመሩን ለቅቄ ቆምሁ።

"ምን ሆነህ ነው?" አሉ አያ ፈንቴ።

"አገኘኋት" አልሁ።

ትልቁ ስህተቴ መናገሬ ነው። ዘፈኑ ቀጥ አለ። ማጭድ ሁሉ ወደቀ። አንዱ ነጠላውን ፈታ፣ ሌላው ኮፍያውን አወለቀ፣ እትዬ ዘውዴ አጎበር ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ሮጡ። ያ ሁሉ ሰው በደግነት ሲመጣብኝ አየሁና በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"እባካችሁ" አልሁ፤ "በእመብርሃን ይዣችኋለሁ፣ አትርዱኝ።"

እንዲህ ያለ ልመና እዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፤ ሁሉም ባሉበት ቀሩ። አያ ፈንቴ ፊቴን አዩኝ። ከዚያ ዞረው "ተቀመጡ" አሉ። አገር ሁሉ ቃርሚያው ላይ ተቀመጠና እንደ ቴአትር ያየኝ ጀመር። ብልቃጡን ከላይ፣ ክዳኑን ከታች አስጠግቼ ዘጋሁት። ገባች። እዚያው ቁጭ ብዬ ስሟንና ቦታዋን ጻፍሁ።

"ምን ብለህ ጻፍህ?" አሉ እትዬ ዘውዴ አጎበራቸውን ታቅፈው።

"የእትዬ ዘውዴ ማሳ፣ ከቀርከሃው ሥር።"

"የእኔ ስም?" ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "እኔ ከግብር ወረቀት በቀር የትም ተጽፌ አላውቅም።" ወዲያው ከኋላ "የእኛስ?" የሚል መጣ። ወንፈል ላይ የማን ነው አይባልም ያሉኝ ሰዎች አሁን እያንዳንዳቸው ማሳቸው ካርታው ላይ መኖሩን ካላሳየኋቸው ማጭድ አናነሳም አሉ። አንድ በአንድ አሳየኋቸው። የታችኛው ሜዳ ባለቤት ነጥቡ አነሰበት።

ዶክተሩ አዲሱን ካርታ ሲያዩ ሊያመሰግኑኝ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። "በጣም ጥሩ። ግን ድንበሩን የያዘችው ይህች አንዷ ነጥብ ናት። በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም" አሉ። ታኅሣሥ ገብቷል። አንድ ማክሰኞ፣ ዶክተሩ አዲስ ቦት ጫማ አድርገው፣ የሚታጠፍ መረብ ይዘው አብረን ወጣን። እትዬ ዘውዴ ማሳ ስንደርስ "አንተ እዚህ ቁም፤ ሁለት ሰው ያስበረግጋቸዋል" አሉኝና ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ መሯሯጥ ጀመሩ። እስከ ምሳ ድረስ ምንም አልያዙም። ከረባታቸው ትከሻቸው ላይ ዞሯል።

አያ ፈንቴ በቀስታ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ብዙ ካዩ በኋላ ወደ ዶክተሩ ጠጋ አሉ።

"እንዲያው ጌታው፣ ከሰው ጋር ተጣልተው ነው?"

"ኧረ አልተጣላሁም" አሉ ዶክተሩ እያለከለኩ።

"ሰው ሞቶብዎት?"

"ኧረ በፍጹም።"

"ታዲያ ብቻዎን? በእኛ አገር? ወንፈል ልጥራልዎ፣ እሽ?"

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ መናገር ነበረብኝ። ግን ፊርማው አለ፣ ገና አለ፣ ስንዱ አለች፤ ወገቤም አለ። ደግሞ ማሳው ይህ አንድ ማሳ ብቻ ስለሆነ ጀሪካን ቢመጣም አያሰጋም።

"እሽ ይበሉ፣ ዶክተር። የአገሩ አክብሮት ነው" አልኋቸው።

ዶክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ተጠራ፤ ዘፈን ወረደ፤ ዶክተሩን ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። ከቀርከሃው ሥር ብቻ የተለቀሙ ባለ ሰረዞች ጀሪካን ውስጥ ሲርመሰመሱ ባዩ ጊዜ ወረቀቴን ተቀበሉና ጀሪካኑን ጠረጴዛ አድርገው ፈረሙልኝ። ፊርማው ሳይደርቅ አጣጥፌ ደረት ኪሴ ከተትሁት።

ባጃጅ ወደምንይዝበት መንገድ ስንወርድ ዶክተሩ ዞር እያሉ ሰዎቹን ያያሉ። "ምን ዓይነት ደግ ሕዝብ ነው" አሉኝ። "ይህን ሁሉ ሠርተው ምንም አልጠየቁም። ስልክ ቁጥሬን ብቻ ነው የወሰዱት።"

"አዎ፣ ዶክተር" አልሁ።

ውቂያው ገና አልተጀመረም ነበር። ዞር ብዬ ሳይ አያ ፈንቴ ዐውድማው ዳር ቆመው፣ ዶክተሩን በዓይናቸው እየለኩ፣ በቁመታቸው ልክ መንሽ ይመርጡ ነበር።